የሕፃን ትንፋሽ በዋግ ደጋ

በዋግ ኽምራ የክትባት ቀን የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማልዳ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ ከማቀዝቀዣው የወጡትን ብልቃጦች ቆጥራ ትረከባለች፤ ከበረዶ ጥቅሎች ጋር በክትባት መያዣው ሳጥን ታስተካክላለች። ከዚያ ሳጥኑን አንግታ ቁልቁለቱን ትያያዘዋለች። ከሰቆጣ ዙሪያ ደጋ ወደ ተከዜ የሚወርደው ምድር ገደልና ሸንተረር ነው፤ ማዶ ቁልጭ ብሎ የሚታይ መንደር በእግር ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ክትባቱ በሚሰጥበት ዛፍ ጥላ ሥር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቃሉ። እርስ በርሳቸው በኽምጣና ያወራሉ፤ ለባለሙያዋ በአማርኛ ይመልሳሉ።

ከመካከላቸው ልጇ ሲያስል ያደረባት አትጠፋም። ባለሙያዋ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ሕፃኑ ጡት ጠብቶ ዝም እስኪል ትታገሣለች። ነጠላውን ገልጣ፣ ልብሱን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ሆዱንና ደረቱን ትመለከታለች። የሰዓት መቁጠሪያዋን ታስነሣና ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር በልቧ ትቆጥራለች። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ትንፋሹ ደኅና ከሆነ ይከተባል፤ ቀላል ሳልና ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ከፈጠነ ግን የቀኑ ሥራ ሌላ መልክ ይይዛል።

## አንድ ሙሉ ደቂቃ

የሳንባ ምች በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን በመግደል ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ስሙን የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ «ኒሞኒያ» ሲባል የማይደነግጥ የለም። እቤት ውስጥ የሚነገረው ግን በሌላ ቃል ነው፦ ብርድ መታው፣ ጎኑ ይርገበገባል፣ ያለከልካል፣ ጡት እምቢ አለኝ። እነዚህ የእናቶች አነጋገሮች ሐኪም ከሚፈልጋቸው ምልክቶች ጋር እጅግ ይቀራረባሉ። እናት ብዙውን ጊዜ በትክክል ታያለች። የሚጎዳው ካየችበት ሰዓት እስከ መድኃኒቱ ያለው ርቀት ነው።

ያለ ራጅና ያለ ላቦራቶሪ የሳንባ ምችን ከተራ ጉንፋን መለየት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎችን ሲያስጨንቅ ነበር። ፍራንክ ሻን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ መንደሮች ሲሠሩ፣ የትንፋሽ ፍጥነትና ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ደረት በሽታውን ለመለየት ትልቅ አቅም እንዳላቸው አሳዩ። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚሠራበት ልክ ከዚያ ዘመን ምርምር የመጣ ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ትንፋሽና ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ፈጣን ነው ይባላል። ሕፃኑ እያለቀሰ ከተቆጠረ ትንፋሹ ያለ በሽታም ስለሚፈጥን ትዕግሥት የሥራው አካል ነው።

ዘዴው አማራ ክልልም ውስጥ ተፈትኗል። የታመመ ሕፃንን በተቀናጀ መንገድ የመመርመር መመሪያ በዓለም ጤና ድርጅት ሲዘጋጅ፣ ሥልጠናውን የወሰዱ ጤና ሠራተኞች ምን ያህል በትክክል እንደሚሠሩበት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር። ውጤቱ በ1997 ታተመ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ገጠር ያለች ባለሙያ በሽታውን ለይታ መድኃኒቱን መስጠት የማትችልበት ዘመን ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ሥራዋ በዋነኛነት መከላከልና ማስተማር ነበር፤ የሳንባ ምች የያዘውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች እንጂ አታክምም። በ2010 ፖሊሲው ተለወጠና የሳንባ ምችን የሚያክም አንቲባዮቲክ በጤና ኬላ መስጠት ተፈቀደላት። ለዋግ ዓይነት አገር ይህ ውሳኔ ከብዙ ሕንፃ ይበልጣል። ታማሚ ልጅ ታዝሎ ሁለት ወንዝ ከሚሻገር፣ መድኃኒቱ ወደ ልጁ መቅረቡ የሚያድነውን ሰዓት ማንም ያሰላዋል።

## ሐኪሙ አጥንት ውስጥ ያገኙት

የሳንባ ምች ምርምር በኢትዮጵያ ሲነሣ ዶክተር ሉሉ ሙሄ ሳይጠቀሱ አይታለፍም። አዲስ አበባ በሚገኘው ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ፣ በአተነፋፈስ ችግር ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሌላም ነገር ይታይባቸው ነበር፦ ወፈር ያለ የእጅ አንጓ፣ የጎድን አጥንት ጫፍ ላይ ተርታውን የያዘ እብጠት፣ ዘግይቶ የሚደፈን እርግብግቢት። የሪኬትስ ምልክቶች ናቸው፤ በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት አጥንት ሳይጠነክር ሲቀር የሚመጣ ችግር።

ዶክተር ሉሉ ከዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ግልጽ ንጽጽር አደረጉ። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናት በአንድ ወገን፣ ይህ በሽታ የሌለባቸው 500 ሕፃናት በሌላ ወገን። በ1997 ላንሴት ላይ በወጣው ውጤት ከታመሙት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን 20 ብቻ ነበሩ። እንደ ቤተሰብ ብዛት፣ የቤት መጨናነቅና ጡት የመጥባት ጊዜ ያሉት ሌሎች ነገሮች ተቆጥረው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ቀረ።

> ከታመሙት 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 500 ግን 20 ብቻ።

ምክንያቱን ለመረዳት ደረትን ማሰብ ይበቃል። ሕፃን አክታውን የሚያወጣው የጎድን አጥንቶቹ ጠንክረው ሲደግፉት ነው። አጥንቱ ከለሰለሰ ደረቱ አየር ሲስብ ይሰረጎዳል፣ ሲያስል አቅም ያጣል፣ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ቫይታሚን ዲ በሽታን የመከላከል አቅም ላይም ድርሻ አለው።

ፀሐይ እንዲህ በሞላበት አገር ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ በእናት ጀርባ ላይ ነው። በደጋው ሕፃን ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ከራስ እስከ እግሩ ይሸፈናል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በጨለማ ቤት ውስጥ ነው። ፍቅር ነው የሸፈነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው «ልጁን የጠዋት ፀሐይ አሙቁት» የሚለው ምክር ከእናት ወደ እናት ይተላለፋል፤ ከተማ ውስጥ ግን ብዙዎች ልጁን በተዘጋ የመስኮት መስታወት ጀርባ አስቀምጠው ያሞቁታል። መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ስለሚያስቀር ሙቀቱ ብቻ ይተርፈዋል።

ጉዳዩ ግን በአንድ ጥናት አልተዘጋም። በካቡል ከ3000 በላይ ሕፃናት በየሦስት ወሩ ቫይታሚን ዲ ወይም የማስመሰያ ጠብታ ተሰጥቷቸው ክትትል ተደርጎባቸው ነበር፤ በ2012 በወጣው ውጤት ቫይታሚኑ የመጀመሪያውን የሳንባ ምች አልቀነሰም። ሪኬትስ የያዘውን ደረት መፈወስና ለሁሉም ሕፃን ቫይታሚን ማደል አንድ ነገር እንዳልሆነ ተመራማሪዎች ከዚህ ተረድተዋል። የሉሉ ሥራ ዋጋው አልቀነሰም። ክትባት የሚያርፈው በአንድ በተወሰነ አካል ላይ እንደሆነ፣ ያ አካል ምን እንደበላና ምን ያህል ብርሃን እንዳየ መጠየቅ እንዳለበት ያሳየ ሥራ ነው።

ይህ ሐሳብ ለሰቆጣ እንግዳ አይደለም። መንግሥት በ2015 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማዋ ስም ተጠርቷል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀምሯል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በሳንባ ምች ሲያዝ የመሞት ዕድሉ በብዙ ይጨምራል፤ ትኩሳትና ሳል ሳይታይበት እንኳ ሊታመም ይችላል። በጤና ኬላ የክንድ ልኬትና የትንፋሽ ቆጠራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ልጅ ላይ መሠራታቸው ለዚህ ነው።

## በጋቢ የተሸፈነው ባክቴሪያ

ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫ ውስጥ በሰላም ይኖራል። ሳንባ ወይም ደም ውስጥ ሲገባ ነው ጠላት የሚሆነው። ሰውነት በቀላሉ እንዳይዘው ከስኳር ዓይነት ንጥረ ነገር በተሠራ ሽፋን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀሳቀሳል፤ በሽፋኑ ልዩነት የሚለዩት ዝርያዎቹ ከመቶ አያንሱም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሰውነት ይህን የስኳር ሽፋን ለብቻው ቢያሳዩት ጠላትነቱን አይማርም። ሳይንቲስቶች ሽፋኑን ከፕሮቲን ጋር ሲያጣብቁት ግን ሕፃኑ ይማራል፤ ያስታውሳልም። ፒሲቪ የሚባለው ክትባት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ፒሲቪ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው ለድሃ አገር የማይታሰብ ነበር። በአፍሪካ ገጠር ምን እንደሚሠራ ያሳየው ትልቁ ማስረጃ ከጋምቢያ መጣ። የፊሊሲቲ ከትስ ቡድን ከ17 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት አካሂዶ በ2005 ሲያሳትም፣ ክትባቱ በራጅ የሚታየውን የሳንባ ምች በከፍተኛ ደረጃ ከመቀነሱም በላይ በማንኛውም ምክንያት የሚሞቱትን ሕፃናት ከመቶ 16 ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት፣ ልጆች እቤት ውስጥ በሚሞቱበት ስፍራ የተገኘ ውጤት በመሆኑ ለዋግም ይናገራል።

በ2009 ጣሊያን፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይና የጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ አዋጥተው፣ ፋብሪካዎች በረጅም ጊዜ ውል ክትባቱን በርካሽ እንዲያቀርቡ ተስማሙ። ኢትዮጵያ 10 ዝርያዎችን የሚከላከለውን ፒሲቪ በ2011 መስጠት ጀመረች። ብልቃጡ ሁለት ልጅ የሚያስከትብ ሆኖ ማቆያ ኬሚካል አልነበረውም፤ ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በላይ ማቆየት ስለማይቻል ባለሙያዎቹ ስለዚህ ተለይተው መሠልጠን ነበረባቸው።

ከፒሲቪ በፊት ሌላ ታሪክም አለ። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው፤ ትክትክና ኩፍኝን መከላከሉ ራሱ የሳንባ ምችን መከላከል ነበር፤ ኩፍኝ የያዘውን ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ነውና። በ2007 የገባው ፔንታ የተባለው ክትባት ደግሞ ሂብ የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ መከላከልን ጨመረ።

ኒሞኮከስ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክትባቱ የሸፈናቸው ዝርያዎች ሲቀንሱ ሌሎቹ ቦታቸውን ሊይዙ ይችላሉ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አበል አበራ ነጋሽና ባልደረቦቹ ክትባቱ ከገባ ከአምስት ዓመት በኋላ የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት አፍንጫ መርምረው፣ ልጆቹ የተሸከሟቸውን ዝርያዎች ለይተው በ2019 አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ክትትል ከትላልቅ ከተማ ሆስፒታሎች አልፎ እንደ ሰቆጣ ባሉ ቦታዎችም ሊሠራ ይገባል። የደጋና የቆላ ሕፃን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይሸከማል ብሎ ከመገመት መርምሮ ማወቅ ይሻላል።

## አርባና ሰማንያ

የፔንታና የፒሲቪ ቀጠሮ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ነው። በቀን ሲሰላ 42፣ 70 እና 98 መሆኑ ነው። ዋግ ውስጥ ሌላም የቀን ስሌት አለ፦ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች።

በአንዳንድ ቤት እናት ከክርስትና በፊት ልጇን ይዛ ራቅ ወዳለ ቦታ መውጣት አትወድም፤ አራስ ናት፣ ሕፃኑም ገና ነው። ለወንድ ልጅ ይህ ችግር አያመጣም፤ አርባው ሲሞላ የመጀመሪያው መርፌ ይደርሳል። ለሴት ልጅ ግን ሁለቱ ቀጠሮዎች ከሰማንያ ቀን በፊት ይወድቃሉ።

> የሴት ልጅ የመጀመሪያ ሁለት መርፌዎች ከክርስትናዋ ቀን ይቀድማሉ።

ጉዳዩን ያስተዋሉ ባለሙያዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ቀጠሮውን በሳምንት ቁጥር ሳይሆን በበዓል ስም ይናገራሉ፤ ከሚካኤል ማግስት፣ ከማርያም በፊት ያለው ቅዳሜ እያሉ። ቄሱንም ያነጋግራሉ። የነፍስ አባት ክትባት ከክርስትና በፊት ቢሆን ነውር እንደሌለው አንድ ጊዜ ከተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ ለባለሙያዋ የሚቀርላት የማስረዳት ሥራ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያንን ቃል የሚያህል ፖስተር ደጋ ላይ አልተለጠፈም።

## አሥር ልጅ የሚጠብቅ ብልቃጥ

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሙቀት እንደሚያበላሸው ነው፤ በደጋው የሚፈራው ግን በረዶም ነው። ፔንታና ፒሲቪ ወደ በረዶ ከተለወጡ አቅማቸውን ያጣሉ፤ ከፍሪዘር እንደወጣ ከደረቀ የበረዶ ጥቅል ጋር ከተነካኩ ወደ በረዶ ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጥቅሉ ሲወዘወዝ ውስጡ ውኃ ሲንቀጠቀጥ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆያል። ጠዋት ሁሉም በሚቸኩልበት ሰዓት ይህን ማድረግ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ምልክት ደግሞ ክትባቱ ብዙ ሙቀት ካገኘ ቀለሙን ይለውጣል፤ ባለሙያዋም ስታየው ታውቃለች።

የኩፍኝ ክትባት ሌላ ፈተና አለው። ዱቄት ሆኖ ይመጣል፣ በውኃው ይበጠበጣል፣ አንድ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይሆናል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ሦስት እናቶች ብቻ ከመጡስ? ሰባት መጠን የሚያባክን ብልቃጥ መክፈት ለባለሙያዋ ይከብዳታል፤ ሪፖርት ላይ ብክነት ሆኖ ይጻፍባታል። ስለዚህ «ልጆች ሲበዙ ኑ» ብላ ትመልሳቸዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን አንድ ልጅ ቢመጣም ብልቃጡ ይከፈት የሚል ነው፤ ትክክሉም እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ተጉዛ ባዶ እጇን የተመለሰች እናት በዘጠነኛው ወር መምጣቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ወር ለሁለተኛው መርፌ ዳግመኛ እንድትመጣ መጠበቅ ይከብዳል። ብክነቱን የምትሸከመው እናቲቱ ሳትሆን መዋቅሩ መሆን አለበት።

## ጭስና ቅቤ

በድንጋይ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ጭሱ ጣሪያው ሥር ይከማቻል፤ ሕፃኑም በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይተነፍሰዋል። ጭስ የአየር ቧንቧን የሚጠብቁትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። ጭስ የሚቀንስ ምድጃ በዋግ ቤቶች ውስጥ ቢበዛ ለሳንባ የሚደረግ ውለታ ነው። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥም ቅቤው ወደ ሳንባ ከገባ በመድኃኒት የማይለቅ ጉዳት ያደርሳል። ሳል ያስቸገረውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ሳሉን አያቆምም፤ ይህን የሚያስቆርጡት ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ነው የሚቀረው።

## ጦርነትና ድርቅ

በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዋግ ኽምራ ሲደርስ ክትባት የሚሰጥበት ሰንሰለት ከየአቅጣጫው ተበጠሰ። ማቀዝቀዣ ያለ መብራት ዋለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ባለሙያዎችም ተፈናቀሉ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የሸሹ ቤተሰቦች ሰቆጣ ላይ ተጠልለው ከረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በተከዜ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ድርቅ በረታ። ተጨናንቆ በሚኖርበት መጠለያ ኩፍኝ በፍጥነት ይተላለፋል፤ የተራበ ልጅ ሲይዘው ሳንባው ይደክማል። የክትባት ካርዷ ከቤቷ ጋር የጠፋባት እናት ልጇ የትኛውን እንደወሰደ አታስታውስም ይሆናል። ያን ጊዜ ሕጉ ቀላል ነው፦ ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ይቆጠራል፣ ለዕድሜው የሚገባው ሁሉ ይሰጠዋል፤ ተደግሞ መከተቡ አይጎዳውም።

## ገና ያልደረሰው ክትባት

ሁሉም የሳንባ ምች በክትባት አይቆምም። ደረቱ የተሰረጎደ ሕፃን ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ የኦክስጅኑ መጠን ይነበባል፤ ሐኪሙ ሲያነብ ግን በከፍታ ቦታ ጤነኛ ልጅም ከባሕር ጠረፍ ልጅ ያነሰ ቁጥር እንደሚያሳይ ማስታወስ አለበት። ኢትዮጵያ በ2016 ስለ ሕክምና ኦክስጅን አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥታለች። የባንግላዲሹ ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶበት፣ ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር በውኃው ውስጥ አረፋ እየሠራ እንዲወጣ በማድረግ ሳንባ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚረዳ ርካሽ ዘዴ አሳየ፤ ጥናቱ በ2015 ታተመ። ዘዴው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ተሞክሮ መልካም ውጤት አስገኝቷል።

በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተካሂዶ በ2019 የታተመው ፐርች የተባለው ትልቅ ጥናት፣ ክትባት በገባባቸው ቦታዎች ሆስፒታል ለሚደርስ ከባድ የሳንባ ምች ትልቁ ምክንያት አርኤስቪ የተባለ ቫይረስ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ቫይረስ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ሳይደርስ ሊይዝ ይችላል። በ2023 የተፈቀደው ክትባት ስለዚህ ለሕፃኑ ሳይሆን ለነፍሰ ጡሯ እናት ይሰጣል፤ መከላከያው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጇ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲሰጥ መክሯል።

ይህ ክትባት አንድ ቀን ዋግ ቢደርስ የሚሰጠው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው፤ ሴቲቱ ግን ለቅድመ ወሊድ ክትትል ብዙ ጊዜ የምትመጣው ዘግይታ ነው፣ ወሩንም የምትቆጥረው በጾምና በመኸር ነው። ቀድማ ካልመጣች የእርግዝናዋን ሳምንት በትክክል የሚነግራት የለም። ዶክተር ሉሉ ሙሄ በመሩትና ጎንደር ከተሳተፈችበት በኋለኛው ጥናታቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ ሲፈልጉ፣ ከሁሉ በላይ የገደላቸው ያልበሰለ ሳንባ፣ ቀጥሎም ኢንፌክሽን ሆኖ አግኝተውታል። ነፍሰ ጡሯን ቀድሞ ማግኘት ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ ያለ ጊዜው ሊወለድ የሚችለውን ለማወቅም፣ መርፌው የሚሰጥበትን ወር ላለማሳለፍም። ባለሙያዋ በቤተሰብ ማህደሯ ውስጥ የነፍሰ ጡሮችን ስም የምትመዘግብበት ገጽ አለ። ገጹ በእርግዝናው ሦስተኛ ወር ሳይሆን በስምንተኛው ወር የሚሞላ ከሆነ አዲሱ ክትባት ዋግ ቢደርስም እናቲቱን ላይደርስባት ይችላል።